እህቴ ከሳሽ፣ እኔ ተከሳሽ

ትናንት ከትምህርት ቤት ስገባ እማዬ ከድስቷ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ለሴሚስተር እረፍት ጎጆ ትሄጃለሽ፤ እህትሽ ላኩልኝ ብላለች» አለችኝ። ቦርሳዬን ሳላወርድ አስደገምኳት። ደገመችልኝ። ሌላ ጥያቄ ብጨምር ሐሳቧን ትቀይራለች ብዬ ቦርሳዬን እንደያዝኩ ወደ ጓዳ ገባሁ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አብራኝ ለምትቀመጠው ጓደኛዬ «ጎጆ ልወጣ ነው» ብላት፣ «ማንን አግብተሽ?» ብላ ክፍሉን በሙሉ አሳቀችብኝ። ከአምቦ በላይ ያለችውን ብርዳሟን ከተማ ማለቴ እንደሆነ እስካስረዳ ወሬው የኋላ ወንበር ደርሶ ነበር። ይሁን። እንዲህ ደስ ብሎኝ ቢስቁብኝም ግድ የለኝ።

ይህ ደስታ ከየት እንደመጣ ለመናገር ግን ስለ ባለፈው ክረምት ማውራት አለብኝ። ከሐምሌ እስከ ጳጉሜ ስቀና የከረምኩበት ክረምት ነው።

እህቴ ጎጆ አስተማሪ ናት። ትምህርት ሲዘጋ፣ ሥራ እስክትመለስ ልታርፍ ቤት መጣች። ጭቃ የበላውን ቦቲዋን በር ላይ አውልቃ ሳትጨርስ እማዬ ጉንጮቿን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ውይ ልጄን፣ ከሳሽ» አለቻት። ጎረቤታችን ገብታ «ከሳሽ» አለቻት። ወተት የምታመጣልን ሴትዮ በኦሮምኛ «ሁቀቴ» ብላ ከንፈሯን መጠጠችላት፤ ያው ከሳሽ ማለቷ ነው። ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞር ይሉና፣ «አንቺስ ተመችቶሻል» ይላሉ።

በኛ ቤት «ከሳሽ» ቀላል ቃል አይደለም። ሠራሽ፣ ደከመሽ፣ በቃ አሁን እረፊ ማለት ነው። እኔም ዓመቱን ሙሉ ተምሬያለሁ፣ ውሃ ቀድቻለሁ፣ ቤት ወልውያለሁ። ጉንጬ ግን አይመሰክርልኝም። አንድ ቀን መስታወት ፊት ቆሜ ጉንጬን ወደ ውስጥ ስስብ እህቴ ከኋላዬ መጣችና፣ «ጥርስሽን አመመሽ እንዴ?» አለችኝ።

መጀመሪያ የሄደው አልጋዬ ነው። እኔ ወደ ሳሎን ሶፋ ተዛወርኩ፣ እሷ በኔ አልጋ እስከ አራት ሰዓት ትተኛለች። «ቀስ በይ፣ ሳህን አታንኳኪ» ትለኛለች እማዬ በሹክሹክታ። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ትንሽ ካሸለብኩ «ፀሐይ ወጣብሽኮ፣ ምን ዓይነት ልጅ ነሽ» እባላለሁ። ለእሷ ራስ ለጋ ቅቤ ተገዛ። ሻይ ስትጠጣ ከቡፌው ውስጥ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣው ባለ ወርቅ ጠርዝ ብርጭቆ ወጣላት። ትንሽ ብድግ ካለች እማዬ ትከሻዋን ተጭና «ቦቆዱ፣ እረፊ ልጄ» ትላታለች። በሁለት ቋንቋ እረፊ መባል ምን ያህል እንደሚያምር አሰብኩት። እኔን በአንዱም ያለኝ የለም።

አባዬ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው የሚሠራው። ፊቴን አይቶ፣ «በቃ ገባኝ፤ እህትሽ ከሳሽ፣ አንቺ ተከሳሽ ሆናችኋል» አለና በገዛ ቀልዱ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጠሪያዬም ተከሳሽ ሆነ። «ተከሳሽ፣ ጨው አቀብይኝ።»

ነሐሴ ላይ አንድ ከሰዓት በረዶ ቆርቆሮውን እየደበደበ ዕቃ አጥባለሁ። እማዬ ከዚያ ሁሉ የበረዶ ጩኸት መሃል «ቀስ በይ፣ እህትሽ ጋደም ብላለች» አለችኝ። ድስቱን አስቀመጥኩት። አልወረወርኩትም፤ ድስት ሲያስቀምጡት ድምፅ አለው።

«እኔስ መቼ ነው የማርፈው?» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ ከምን ድካም?» አለች እማዬ።

አባዬ ሬዲዮውን ዘጋ። «ተከሳሽ አቤቱታ አላት መሰለኝ። ይሰማ።»

ተናገርኩ። አልጋውን፣ ብርጭቆውን፣ ቅቤውን፣ ሁሉንም። ስጨርስ እህቴ ራሷን በሻሽ እንዳሰረች መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ።

«እኔም አቤቱታ አለኝ» አለች። «ጎጆ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ጠዋት እንደተውኩት ነው የሚጠብቀኝ። ሳህን የሚያንኳኳ የለም። እዚህ መጥቼ ከእሷ ጋር እየተነታረክሁ ዕቃ ልጠብ ስል እማዬ ከእጄ ትነጥቀኛለች። በአባቴ ቤት በእንግዳ ብርጭቆ እጠጣለሁ። እሷን ማንም ተቀመጪ አይላትም፣ የቤቱ ሰው ስለሆነች። እኔ ደግሞ በእሷ እቀናለሁ።»

ሰው በኔ ሲቀና የመጀመሪያዬ ስለሆነ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን እማዬ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ አየሁና መልሼ ቀናሁ። ቅናት እንኳ ከኔ ይልቅ እሷ ላይ አማረ።

እማዬ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረግ አድርጋ፣ «ፍርድ ቤታችሁን ዝጉና ድንች ላጡልኝ» አለች። ከዚያ ወደ መኝታ ቤቱ በር አየት አድርጋ ጨመረች፤ «ሁለታችሁም።»

እህቴ ሽልማት ልትቀበል እንደተጠራች ነው ከበሩ የመጣችው። የድንቹን ግማሽ ከልጣጩ ጋር ስትጥል እማዬ፣ «አይ የኔ ቲቸር፣ ድንች አገር እየኖርሽ እንዲህ ነው የምትልጪው?» ብላ ተቆጣቻት። እህቴ ሳቀች፤ ተቆጥተውት እንዲህ የሚስቅ ሰው አይቼ አላውቅም። በዚህም ትንሽ ቀናሁ።

እየላጥን እህቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ለሴሚስተር እረፍት አንቺ ነይ፤ እዚያ እንግዳዋ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«ዕቃስ?»

«አታጥቢም።»

«ጠዋትስ?»

«ጎጆ ብርድ ነው፣ ተነሺ ብልሽም አትነሺም።»

«ከሳሽስ ትይኛለሽ?»

ጉንጬን በደንብ አየችው። «መዋሸትማ አልችልም። ደክሞሻል፣ እረፊ ግን እልሻለሁ።»

እማዬ ግን በዚያ ክረምት ስንጠይቃት «የቤቱን ሥራ ማን ሊሠራ?» ብላ አልፈቀደችም ነበር። መስከረም ላይ እህቴ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፣ እኔም ወደ አልጋዬ፤ እስከ ትናንት ድረስ ስለ ጉዞው ያነሳ ሰው አልነበረም። ለካ እህቴ በደወለች ቁጥር እማዬን ስትለምናት ኖራለች።

ዛሬ ማታ በቴሌግራም ድምፅ ልካልኛለች። «ብቻሽን አትምጪ፣ የደከመው ሰው ካለ ይዘሽ ነይ፤ ገብሱም ድንቹም ሞልቷል» ትላለች። ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ሠርታችሁ ማንም ደክሞሻል ያላላችሁ፣ ጉንጫችሁ የማይመሰክርላችሁ ሁሉ፣ ጎጆ ኑ። ጋቢ ያዙ፣ መንገዱ ስለሚያንገላታ ታገሡ። መናኸሪያው ጋ ስትወርዱ የአስተማሪዋን ቤት ጠይቁ፣ ያሳዩአችኋል። ገብታችሁ እረፉ። እህቴን ግን የኔን ያህል እንዳትወዷት፤ ከጎኗ የምተኛው እኔ ነኝ።