«ካቃተሽ ተነሺ»

ልጅ እያስጠናችሁ «አርፈሽ ተቀመጪ!» ብላችሁ ጮኻችሁ ታውቃላችሁ? እኔ መምህርቷ ስንቴ ብያለሁ። አያቴ ግን ተቃራኒውን ነበር የሚሉት። የእህቴን ልጅ ታቦር ሰፈር ባለው ቤታችን ሲያስተምሯት፣ መጽሐፉ ላይ ከተደናገረች «ካቃተሽ ተነሺ» ይሏታል። ከዚያ ፊደሉን ግቢው ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ በትልቁ ይጽፉላትና በእግሯ ትሄድበታለች። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዓይኗ ያየውን ብትረሳ እንኳ፣ እግሯ የረገጠውን አትረሳም።

አያቴ የሞቱ ጊዜ «ረ» ላይ ደርሰው ነበር። ከ«ረ» ቀጥሎ ሲሚንቶው ባዶ ነው።

ግቢው ውስጥ ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ አጎቴ «እንግዲህ ጨዋታው በቃ፤ ትምህርት ቤት ገብታ እንደ ሰው ትቀመጥ። ይህንንም ጠመኔ እጠቡት» አሉ። እኔ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጥኩ መልስ አጣሁ። ልጅቷ እጄን ጎተተችኝ።

«አክስቴ፣ ካቃተሽ ተነሺ።»

ተነሳሁ።

«አይታጠብም ጋሼ። እዚሁ እኔ አስተምራታለሁ።»

«በእግሩ ፊደል የቆጠረ ማን አለ?» ብለው አላገጡ።

«እሷ አለቻ!» አልኳቸው። ጠመኔውን አንስቼ፣ ለቀስተኛው እያየ፣ ባዶው ቦታ ላይ «ሰ»ን ጻፍኩ። ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ ሄደችበት።

እናንተም ነገ ልጃችሁ ሲደናገር «ተቀመጥ» ከማለታችሁ በፊት፣ እባካችሁ አንድ ጊዜ «ተነሣ» በሉትና እዩት።