እስከ ዓርብ አትክፈቱ

ቦንጋ ውስጥ የታሰርኩበት ክፍል ከጣሪያው ሥር መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ነበረችው። ጠዋት በእሷ በምትገባው ፀሐይ ዘጠኝ ሰዎች ተራ በተራ ፊታችንን እናሞቅ ነበር። የታሰርኩት ስብሰባ ላይ በተናገርኩት ነገር ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ዓርብ ነበር።

የሁለተኛ ክፍል መምህር ነኝ። ተክል ምግቡን ከየት እንደሚያገኝ ለማሳየት ከልጆቹ ጋር በሁለት ጣሳ ቦሎቄ ዘርተን ነበር። ሲበቅል አንዱን መስኮት ላይ፣ ሌላውን ካርቶን ውስጥ አስቀመጥን። ልጆቹ በካፊኖኖም በአማርኛም ተከራከሩ፤ አብዛኞቹ «የሚበላው አፈር ነው፣ ጨለማ ምን ያደርገዋል?» አሉ። ዓርብ አብረን እናያለን ብዬ ካርቶኑን በፕላስተር አሸግኩና «እስከ ዓርብ አትክፈቱ» ብዬ ጻፍኩበት። ረቡዕ ተያዝኩ።

ሐሙስ ጉዳዬን የያዘው መርማሪ ካርቶኑን ከሰውነቱ አርቆ ይዞ የእስር ክፍላችን በር ላይ ቆመ። ትምህርት ቤቱን ሲፈትሹ አግኝተውታል።

«መምህር፣ ዓርብ ምን ሊሆን ነው?» አለኝ።

ቦሎቄ ነው፣ ልጆቹ ይክፈቱት አልኩት። ለራሴ ያልለመንኩትን ለቦሎቄ ለመንኩ። እሱ ግን ቀደደው። ግንዱ ቀጥኖና ነጥቶ፣ ብርሃን ወደሚገባበት የካርቶኑ ስንጥቅ አዘንብሏል። አብረውን የታሰሩ፣ ከደካ የመጡ አዛውንት ገበሬ አንገታቸውን አስግገው አዩት።

«ብርሃን ርቦት ነው» አሉ።

መርማሪው አፈር አለው አይደል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ልክ እንደ ተማሪዎቼ። ሳቄ መጣ። አፈሩ ውሃ እንደሚያቀብለው፣ ምግቡን ግን ቅጠሉ በፀሐይ እንደሚሠራ አስረዳሁት። በሩን ተደግፎ እስክጨርስ ሰማኝ። ሥራው ሥራ ነውና ከዚያ እንድፈርምበት ወረቀት አወጣ። «የታሸገ አጠራጣሪ ዕቃ» ይላል።

«የዕቃውን ስም ካልጻፍክ አልፈርምም» አልኩት።

«ትቆያለህ።»

«እቆያለሁ።»

ሦስት ሳምንት ማንም አልጠራኝም። በኋላ መርማሪው ራሱ መጥቶ የጻፈውን ሰርዞ «የተማሪዎች ቦሎቄ» ብሎ ጻፈ። ፈረምኩ።

ስፈታ ትምህርት ቤት ለክረምት ተዘግቶ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመትም ወደ ሌላ ቦታ ተመደብኩ። እነዚያን ልጆች መልሱን ሳልነግራቸው መቅረቴ ለዓመታት ሲቆጨኝ ኖሯል። ባለፈው ሺሺንዳ መናኸሪያ አንዲት ወጣት ልጇን አዝላ ሰላም አለችኝ። ፊቷን አላወቅኩትም።

«ቲቸር፣ ያ ካርቶን ውስጥ የነበረው ቦሎቄ ግን ምን ሆነ?» አለችኝ።

አውቶቡሱ እስኪሞላ ትምህርቱን ጨረስኩላት።