ወደ ግራ የዞረ ክዳን

ትናንት ጣሪያው አፍስሶ የመሶቤ ክዳን ራሰ። የረጠበ የድሮ ስፌት ምን እንደሚሸት ታውቅ እንደሆነ እንጃ፤ ዝናብ ያገኘው ድርቆሽ ይሸታል፣ ከሥሩ ደግሞ የቀለም ኮምጣጣ ነገር አለው። ምራቴ ፀሐይ ላይ ስታሰጣው ዳሩን በጣቷ እየዳበሰች፣ "እማማ፣ ሌላው ሸጋ ሆኖ ዳሩ ምነው ተጣመመ? ልጅ ነው የሰፋው?" አለችኝ። "እንዲያው ነው" ብዬ ተውኳት። መልሱ ረጅም ነው፤ እሷ ደግሞ ልብስ አጥባ አልጨረሰችም፣ እኔም ደክሞኛል።

ጣሊያን ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ነው። እኔ ለመዳር የደረስኩ ልጅ ነበርኩ። እናቴ በሕፃንነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ ቤታችንም ከቀሐ ወንዝ ብዙ አይርቅም ነበር። የሠፈሩ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር ነበራቸው። በየወሩ፣ በዓል ያልሆነ ቀን መርጠው፣ በተራ በአንዷ ቤት ይሰበሰባሉ። ፈታይዋ እንዝርቷን፣ ጠላፊዋ ክሯን ይዛ ትመጣለች፤ ሸክላ ሠሪዋ ደግሞ ያልተተኮሰ ድስት በቅጠል ጠቅልላ። አንዷ የሌላዋን ሥራ አገላብጣ ታያለች፣ ትማራለች፣ ትንሽም ታማለች። አለቃቸው፣ ሙሴ የሚሏት፣ ስፌት ሰፊ ነበረች። በከተማው የሷን ስፌት የሚያህል የለም ይባላል፤ እሷም ይህን ስትሰማ ተቃውማ አታውቅም።

አክስቴ ቀለም ነካሪ ነበረች። ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ወይን ጠጁም የስፌት አለላ የሚወጣው ከሷ ድስት ነው፤ ጥፍሮቿ ነጽተው አይቻቸው አላውቅም። ስፌትም ትችል ነበር፤ ግን ግራኝ ናት።

ከማኅበሩ ቤት ልጅ ስትዳር መሶብ ይሰፋላታል። መሶቡ ከእጅ ወደ እጅ ይዞርና እያንዳንዳቸው፣ ስፌት ሙያዋ ያልሆነችውም ሳትቀር፣ አንድ አንድ ዙር ይሰፉበታል። ሙሽራዋ አገር ብትለቅ የሁሉም እጅ አብሯት ይሄዳል ይሉ ነበር። የአክስቴ እጅ ግን በማንም መሶብ ላይ አልነበረም። በግራዋ ስትሰፋ ዙሩ ወደ ሌላ ጎን ይሄድባታል። አንድ ጊዜ ለጠላፊዋ ልጅ መሶብ አንድ ዙር ሰፋች። ሙሴዋ አይታ ሁሉም ፊት በወስፌዋ ጫፍ ተረተረችው። ከዚያ ወዲህ መሶብ መዞር ሲጀምር አክስቴ ብድግ ብላ እሳቱን መቆስቆስ ትጀምራለች፤ የሚነድ እንጨት ባይኖርም ትቆሰቁሳለች።

የኔ ተራ በደረሰበት ዓመት አክስቴን ደረቷን ያማት ጀመር። እኔን ያጨው ሰው አገሩ ዳባት ነው፤ ደጋ፣ ብርድ፣ ላልለመደው ሩቅ። አንድ ቀን አለላ እያሰጣን ሳሏ ሲያርፍላት፣ "አንቺን እንኳ አሳድጌ መሶብሽ ላይ እጄ ላይኖር ነው" አለች። ማማረሯ አልነበረም፤ የደከመው ሰው እንደሚናገረው ነው የተናገረችው። እኔን ግን አንገበገበኝ።

ማኅበሩ በኛ ቤት የተሰበሰበ ቀን መሶቡ ተጋምሶ ነበር። ሙሴዋ ፊት ቆሜ፣ "የአክስቴ እጅ ካልገባበት መሶቡ ይቅርብኝ" አልኳት። ሙሽራ እንዲህ አትናገርም። ሙሴዋ ወስፌዋን አስቀመጠች።

"ልጄ፣ ጠልቻት መሰለሽ? የቀኝና የግራ ዙር ይጣላል። ባልሽ ቤት ሲተረተር የሚሰደበው የሁላችን እጅ ነው።"

አክስቴ እሳቱ ጋ ጀርባዋን ሰጥታን ነበር። በኋላ ሸክላ ሠሪዋ በእጇ ያለውን ድስት እያየች፣ "ታዲያ ክዳኑን ለብቻዋ ትስፋዋ። ድስትና ክዳን ለየብቻ ነው የሚሠራ፤ አፋቸው ከገጠመ ምን ቸገረው?" አለች። ፈታይዋ ወዲያው ከእንዝርቷ ክር በጥሳ የመሶቡን አፍ ለካች፤ ክሩን ወስዳ በአክስቴ ግራ እጅ አንጓ ላይ አሰረችላት። አክስቴ ክሩን ስታየው ቆየች።

ክዳን ከጫፉ ተጀምሮ ወደ አፉ ይወርዳል። እሷም በር ሥር፣ ብርሃኑ በሚገባበት ተቀምጣ ጀመረች። ለሰው ሰጥታ የማታውቀው ጠቆር ያለ ቀይ አለላ ነበራት፤ እሱን አወጣችው። ወስፌው ሣሩን ሲበሳ ጥዝ ይላል፣ ከዚያ ሳል፣ ከዚያ ደግሞ ጥዝ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ድምፅ አልነበረም። እኔ ውኃ እያቀበልኩ አያት ነበር፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ፈርቼም ነበር።

ሙሴዋ ልትጠይቃት መጥታ ክዳኑን አንስታ አገላበጠችው። ጥብቅ ያለ፣ መርፌ የማያስገባ ስፌት ነበር። "ይህን ሁሉ ዘመን ይህን እጅ የት ደብቀሽው ነው?" አለቻት።

"እሳቱ ጋ" አለች አክስቴ።

ሠርጉ ሲቃረብ ክንዷ ከዳት። መደብ ላይ ተኛች፤ ክዳኑ አንድ ዙር ቀርቶታል። ያቺ ዙር ስለጎደለች መሶቡ አፍ ላይ መቀመጡ ቀርቶ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ሴቶቹ መጡ። ሙሴዋ በቀኟ ጀመረች፤ ዙሩ ተጣላ። ተርትራ እንደገና ጀመረች፤ አሁንም ተጣላ። ክዳኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ጥቂት አሰበችና ወስፌውን ወደ ግራ እጇ አዛወረችው።

የከተማው አንደኛ ሰፊ እንደ ጀማሪ ልጅ ስትደናበር አየሁ። ወስፌው ይስታታል፣ አለላው ይላላባታል፣ ጣቷን ወጋች። ፈታይዋ ሳቅ ጀምራ ወዲያው ዋጠችው። አክስቴ ከመደቡ ላይ ሆና፣ "ሲደክምሽ ተይው፣ እኅቴ" አለቻት።

"ዝም በይ፣ እየተማርኩ ነው" አለች ሙሴዋ፤ ቀና አላለችም። እስኪመሽ ሰፍታ ጨረሰችው። ክዳኑም ገጠመ።

በጭነት ማኪና ወደ ዳባት ወጣሁ፤ መሶቡ ጭኔ ላይ ነበር። ለመልስ ስመለስ ከደጅ ጀምሮ አክስቴን እየጠራሁ ገባሁ። መደቡ ላይ ምንም አልተነጠፈም። ለሙሽራ መርዶ አይነገርም ብለው ደብቀውኝ ኖሯል። እሳቱ ጋ፣ አክስቴ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ፣ ሙሴዋ ተቀምጣ ትቆሰቁሳለች። ስታየኝ እንጨቱን አልለቀቀችም፤ ያን ጊዜ ገባኝ።

መሶቡን አይጥ ከጨረሰው ቆየ፤ የሁሉም ዙር አብሮ ሄደ። የቀረው ክዳኑ ነው። ማምሻውን ምራቴ ልብሱን ሰብስባ መጣችና፣ "ገበያ ላይ የማውቃት ሰፊ አለች፤ ዳሩን ተርትራ ታስተካክልልን?" አለችኝ።

"ተይው፣ አይተረተርም። በከተማው አንደኛ የተባለች ሰፊ የሰፋችው ነው" አልኳት።

የምቀልድ መስሏት ሳቀች። ክዳኑን ተቀብያት ጭኔ ላይ አደረግሁት። ዳሩ ገና አልደረቀም ነበር።