ሚኒስትሩ አምባሳደር የሆነ ጊዜ

በሲልቨር ስፕሪንግ ተራ የምንጠብቅ ባለታክሲዎች፣ ያለው ወልደአምላክን የምንጠራው «ሚኒስትሩ» እያልን ነበር። ማንም አልሾመውም። ሥራው ከአንድ ባለብዙ ፎቅ ሕንጻ ሥር ባለ የመኪና ማቆሚያ፣ ከቁም ሣጥን ብዙ በማትሰፋ የመስታወት ቡዝ ውስጥ ተቀምጦ ከሚወጣው መኪና ሁሉ ሒሳብ መቀበል ነበር። ነገር ግን ከዚያች ሣጥን ሆኖ የአሜሪካን ኢኮኖሚ ያስተዳድር ነበር። ሌላው ገንዘብ ተቀባይ ኳስ ወይም መዝሙር ሲያዳምጥ፣ እሱ ሬዲዮኑን የምክር ቤት ክርክር ላይ ከፍቶ ስለ ወለድ የሚነታረኩ ሽማግሌዎችን ይሰማል። ሲስማሙ ራሱን በእርካታ ይነቀንቃል። ሲጣሉ ደግሞ የጎረቤት አጥር ያጣላቸው ይመስል «ተዋቸው፣ ይታረቃሉ» ይላል።

አባቱ «ያለው» ብለው ስም ሲያወጡለት ምን እንዳለው አልነገሩትም። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ማብቂያ ዲቪ ደርሶት ሲመጣ ይዞ የመጣው ባለቤቱን ተናኘን፣ አንድ ሻንጣና አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ያጠራቀመውን ትዕግሥት ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ የገበያ ማዕከል አጠገብ አፓርታማ ተከራየ፤ ቡዙ ውስጥ ገባ፤ እዚያው ሸበተ።

በፈረንጆቹ 2008 መኸር ባንኮቹ ዝናብ እንደበላው የጭቃ ግድግዳ ሲናዱ፣ እኔ ባለታክሲዎች በምንሰበሰብበት ካፌ ውስጥ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። በወጣትነቴ በየጓዳው በስቴንስል እየተባዙ የሚታደሉ ወረቀቶችን በቃሌ ይዤ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የዚህ ሥርዓት ቀብር ሊያመልጠኝ ነው ብዬ መስጋት ጀምሬ ነበር።

«ይኸው፣ ክቡር ሚኒስትር» አልኩት። «የካፒታሊዝም አጠቃላይ ቀውስ ማለት ይህ ነው። ተጽፎ አንብቤዋለሁ።»

«ያ ወረቀትህ ከታተመ ወዲህ ይቺ አገር ስንቴ ሞታ ስንቴ ተነሣች፣ ጓድ?» አለኝ ማኪያቶውን እያማሰለ። ጓድ የሚለኝ ሊያናድደኝ ሲፈልግ ነው።

በእኛ ዘመን መንግሥት ባንክ ሲወርስ ባለባንኩ አገር ጥሎ ይጠፋ ነበር። እዚህ ግን ባለባንኮቹ ራሳቸው ክራቫታቸውን አስተካክለው «አድኑን» እያሉ ተሰለፉ፤ መንግሥትም አቅፎ፣ ደግፎ፣ አፋቸውን ጠርጎ ወደ ወንበራቸው መለሳቸው። በዚያው ሰሞን ቤታቸውን የተነጠቁ የጌይተርስበርግ ሐበሾች ልብሳቸውን በጥቁር የቆሻሻ ከረጢት እየቋጠሩ ይወጡ ነበር። ይህን ስነግረው ሚኒስትሩ «መጀመሪያ የሚጠገነው መሠረቱ ነው» አለኝ። መሠረት የሚለው ባለባንኩን ነው። እኛ እንግዲህ ጣራው ላይ ነን ማለት ነው፤ ዝናቡ ቀድሞ የሚያገኘንም ለዚህ ይሆናል።

ይህን ሁሉ እምነት ከሬዲዮ ብቻ አልነበረም ያገኘው። ከላይ ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሚስተር ዊትከም የሚባል የኢኮኖሚ ባለሙያ ነበረ። ዊትከም ማታ ሲወጣ መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ያነበበውን ጋዜጣ ለሚኒስትሩ ያቀብላል፤ ከዚያ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል።

«ኢኮኖሚው እንዴት ነው፣ ያለው?»

«ሪዚልየንት ነው፣ ጌታዬ።»

ፈረንጁ ይስቃል፣ በሩ ይነሣል፣ መኪናው ይሄዳል። በቃ ይኸው ነው። ሚኒስትሩ ግን ይህን ከሥራ ባልደረባ ጋር እንደሚደረግ ምክክር ይቆጥረው ነበር። ሪዚልየንት ማለት ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቀው «ቢመቱት የማይሰበር፣ ቢጥሉት የሚነሣ» አለኝ።

«ታዲያ የጎማ ኳስ ነው በለዋ።»

«አንተ አይገባህም፣ ጓድ።»

በ2011 ፋሲካ ሰሞን ተናኘ ጡቷ ላይ እባጭ አገኘች። ተናኘ በየቤቱ እየዞረች አሮጊት ፈረንጆችን የምታጥብ፣ የምታለብስ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የምትሰጥ ሴት ናት፤ ለራሷ ግን አሠሪዎቿ የጤና ኢንሹራንስ አልሰጧትም። ያላት የባሏ ነው። ሐኪሙ ካንሰር ነው ብሎ ኬሞ ጀመረላትና አንድም ዙር እንዳይዘለል አስጠነቀቃቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሚኒስትሩ ቡዙ ውስጥ የሚቀመጠው ለደሞዙ ሳይሆን ለእሷ መርፌ ነበር።

በዚህ መሀል ማቲያስ መጣ። ማቲያስ የመኪና ማቆሚያው ኩባንያ ተቆጣጣሪ ነው፤ እዚሁ ያደገ፣ ትሑት፣ ክፉ ወሬ ሲያመጣ ዶናት ይዞ የሚመጣ ልጅ።

«ጋሼ ያለው፣ ኮንግራጁሌሽን» አለው። «ከሰኞ ጀምሮ ፓርኪንግ አምባሳደር አድርገንዎታል። የመክፈያ ማሽኖች ይገባሉ፤ እርስዎ አጠገባቸው ቆመው ሰዉን ሄልፕ ያደርጋሉ። ደሞዝዎም ኢንሹራንስዎም አይነካም።»

«እስከ መቼ?»

«ሰዉ እስኪለምደው።»

ሚኒስትሩ ካፌ መጥቶ ሹመቱን ነገረን፤ ዶናቱንም አካፈለን። አብሮን የተቀመጠው ባለታክሲ ሀቢብ ነበር።

«ሀቢብ» አልኩት፣ «በአገራችን ሚኒስትር አምባሳደር የሚደረገው መቼ ነው?»

«ሲጠላ» አለ ሀቢብ ዶናቱን እየገመጠ። «ሥልጣኑን ይቀሙትና እንዳይጮህ ሩቅ አገር ይልኩታል። ሚስቱም ዕቃ ትሸክፋለች።»

«ይሄ አሜሪካ ነው» አለ ሚኒስትሩ። «እዚህ ተሾመ ማለት ተሾመ ነው።»

ሀቢብ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሚኒስትሩ የዶናቱን ካርቶን አጣጥፎ ተነሣ።

ቡዙ ተቆለፈ። ወንበሩና ሬዲዮኑ ውስጥ ቀሩ። ሚኒስትሩ አረንጓዴ ሰደርያ ለብሶ ከማሽኑ ጎን ቆመ፤ ሲያስተምር ደግሞ ጉድ ነው። ቲኬቱ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ካርድ ሲወጣ ፈጥነው ካልሳቡት እንደሚመለስ፣ የተጨማደደ ብር በምን እንደሚቃና ያሳያል። አሮጊቶችን እጃቸውን ይዞ ቁልፉን ያስጫናቸዋል፤ ሲሳካላቸው ያጨበጭብላቸዋል። አንዴ ያስተማረው ሰው ሁለተኛ አይጠይቀውም። በጋው ሳይጋመስ ከማሽኑ ፊት ሰልፍ የሚባል ጠፋ፤ ሚኒስትሩም እጁን አጣምሮ የሚቆም ሰው ሆነ።

እኔ ታክሲዬን ከመውጫው ፊት አቁሜ ስለምጠብቅ ይህን ሁሉ አያለሁ። አንድ ቀን ጠራሁት።

«ወዳጄ፣ የምታሠለጥነው ገዳይህን ነው። ቲኬቱን ገልብጠው ሲያስገቡ ዝም ብለህ እያቸው። ይንጫጩ። ሰው ይሻለናል ብለው ራሳቸው ይጻፉልህ።»

«ተንኮል ነው።»

«ትግል ነው።»

«ያንተ ትግል ሁልጊዜ በሌላ ሰው እንጀራ ነው» አለኝና ተመለሰ።

ባልና ሚስቱን ከሐኪም ቤት የምመልሳቸው እኔ ነበርኩ። ተናኘ ራሷን በሻሽ ጠቅልላ ከኋላ ትቀመጣለች፤ ፊቷ ከስቷል፣ ምላሷ ግን እንዳለ ነው።

«እስቲ ንገረው» አለችኝ አንድ ቀን በመስታወቱ እያየችኝ። «የት አገር ነው ተማሪው ፈተና ሲያልፍ አስተማሪው የሚባረረው? ትንሽ እንዲወድቁ አይተዋቸውም?»

«ሥራዬ ነው እኮ፣ ተናኜ» አለ።

«የኔስ መርፌ ያንተ ሥራ አይደለም?»

ላንድማርክ ስንደርስ ቀድሞ ወርዶ በሩን ከፈተላት።

በማግሥቱ ሥራው ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን ለመጠየቅ ኢንሹራንሱ ቢሮ ኮል አደረገ። ሥራውን ያጣ ሰው ሙሉውን ዋጋ ከኪሱ እየከፈለ መቀጠል ይችላል ተባለ፤ የሕጉ ስም ኮብራ ነው። ሌላው አገር ሕግ ሲያወጣ ቢያንስ ስሙን ያሳምራል፤ እነዚህ በእባብ ጠሩት። የወሩ ክፍያ ከቤት ኪራያቸው ይበልጣል። ሌላ ኢንሹራንስ ልግዛላት ቢል፣ ቀድሞ የታመመ ሰው አይቀበሉም። ስልኩን ያነሣችው ሴትዮ አዘነችለትና ለእንዲህ ዓይነት በሽተኞች መንግሥት በቅርቡ ያቋቋመው ፕሮግራም እንዳለ ነገረችው። ሚኒስትሩ እስክሪብቶ አነሣ፤ መንግሥቱ አላሳፈረውም።

«ነገር ግን» አለችው፣ «ለመግባት ስድስት ወር ያለ ምንም ኢንሹራንስ መቆየት ይኖርባታል።»

«ካንሰሩም ስድስት ወር ይቆማል?» ብሎ ጠየቃት። እየቀለደ አልነበረም። ለሁሉም ነገር ደንብ የሚያወጡ ሰዎች ናቸውና ለዚህም አውጥተው እንደሆነ ብሎ ነው። ሴትዮዋ ይቅርታ ጠየቀችው፤ ይቅርታዋም ከልብ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ታክሲዬ ድረስ መጣና መስኮቱን አንኳኳ።

«ዛሬ ዝም እላለሁ» አለኝ።

«ጎበዝ።»

«ካፌ ውስጥ አታውራው።»

ወደ ማሽኑ ሄዶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። አጋጣሚ ሆኖ የመጀመሪያው ደንበኛ ዊትከም ነበር። በጋውን በሙሉ ለሥራ ሌላ ከተማ ቆይቶ ገና መመለሱ ነው፤ ለስብሰባ ሊወጣ ቸኩሏል፤ ማሽኖቹ ከገቡ ወዲህ እዚህ አልነበረም። ቲኬቱን ገልብጦ አስገባ። ማሽኑ ተፋው። በጎኑ አስገባ። ተፋው። ሚኒስትሩ ግድግዳውን ያያል። ኋላ እንደነገረኝ፣ በዚያ ቅጽበት የተናኘን ስም በሆዱ እየደጋገመ ነበር።

ዊትከም ዞር ብሎ የተቆለፈውን ቡዝ አየ፤ ከዚያ ሰደርያ ለባሹን።

«ይቅርታ» አለው፣ «እዚያ ውስጥ ይቀመጥ የነበረው ሰውዬ የት ሄደ? ደግ ሰው ነበር።»

ሚኒስትሩን ከደረቱ በታች ያየው ደንበኛ የለም። ለእነሱ እሱ የመስታወቱ አንድ ክፍል ነበር፤ እጅ፣ ኮሌታና ፈገግታ። እግር እንዳለው ማን ያውቃል?

ዝምታው እዚህ ላይ አለቀ። ቲኬቱን ተቀብሎ አቃንቶ አስገባለትና «ሪዚልየንት ነው፣ ጌታዬ» አለው።

ፈረንጁ ደነገጠ፤ ከዚያ ሳቀ፤ እጁንም ጨበጠው። «ረጅም ትመስለኝ ነበር» አለው።

ሚኒስትሩ ያኔ ነገሩን ሁሉ አንድ ላይ አወጣው፤ የተናኘን ሕመም፣ ኢንሹራንሱን፣ አንድ ሰው ቡዙ ውስጥ እንዲቀር ለሕንጻው አስተዳደር እንዲነግርለት። ዊትከም በጥሞና ሰማው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። ማሽን ምርታማነትን እንደሚጨምር፣ ለጊዜው ሰው ቢጎዳም በረጅም ጊዜ አገሪቱ እንደምትጠቀም፣ ኢኮኖሚውም እያገገመ እንደሆነ አስረዳው። ሚኒስትሩ ይህን ትምህርት ከሬዲዮ ያውቀዋል፤ ለእኔም ስንት ጊዜ ሰብኮኛል።

«ጌታዬ» አለው፣ «የኔ ሚስት ያለችው ለጊዜው በሚሉት ውስጥ ነው።»

ዊትከም ትከሻውን ነካው። «ዛሬውኑ ኢሜይል እጽፋለሁ» ብሎ ወደ መኪናው ሄደ።

ጻፈም። ችግሩ መጻፉ ነው። በሳምንቱ ማቲያስ ዶናት ይዞ መጣ፤ ሚኒስትሩ ካርቶኑን ሲያይ ገባው።

«ጋሼ፣ ስለ እርስዎ በጣም ጥሩ ኢሜይል ደርሶናል» አለ ማቲያስ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «የጻፈው ያስተማሩት ከስተመር ነው። በአንዴ ነው ያሳየኝ፣ ሠራተኛችሁን አትልቀቁት ይላል። አለቆቼ ደግሞ... በአንዴ የሚለመድ ከሆነ አምባሳደር አያስፈልግም አሉ። እኔ ተከራክሬያለሁ። ወላሂ ተከራክሬያለሁ።»

«መቼ ነው የምጨርሰው?»

«ወሩ ሲያልቅ። ኢንሹራንሱም አብሮ ነው።»

ሚኒስትሩ ዶናቱን ተቀበለ። ሰው ያመጣውን አይመልስም።

ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን ሀቢብ ታክሲውን ያውሰዋል፤ ማታ ይመልሳል። ሬዲዮ አይከፍትም። ተናኘ ከኢንሹራንስ ውጭ የመቆየት ግዴታዋን እየተወጣች ነው። ፕሮግራሙ እስኪቀበላት ድረስ እንድትታከም ሳይሆን እንዳትሞት ነው የሚጠበቅባት። የአገሪቱ ጋዜጦች በዚያ መኸር በየገጹ ማገገም፣ ማገገም ይሉ ነበር፤ ማን እንዳገገመ ስሙን የጻፈ አላየሁም።

ኅዳር ላይ፣ ያቋረጠችውን ዙር ሐኪም ቤቱ በዕርዳታ ይሰጣት እንደሆነ ለመጠየቅ ይዣቸው ሄድኩ። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ማመልከቻው እየታየ ነው፣ እስከዚያ ቀጠሮው ይቆያል አለች። ተናኘ «እስከ መቼ?» አላለችም። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ አረፈች። ደግፌ መኪናው ውስጥ አስገባኋት፤ ሚኒስትሩ የመኪና ማቆሚያውን ሊከፍል ወደ ማሽኑ ሄደ። ያው ማሽን ነው፣ ቀለሙ እንኳ አልተለወጠም።

ከፍሎ ሲዞር ከኋላው አንዲት ሴትዮ ቲኬቷን ገልብጣ ስታስገባ ማሽኑ ተፋባት። እንደገና ሞከረች። ሚኒስትሩ ቆሞ አያት፤ እኔም ከመኪናው ሆኜ እሱን አየሁት፤ አንድ ጊዜ እንኳ ትቶ ይሄድ ይሆን ብዬ። ቲኬቱን ከእጇ ወሰደ፤ ጥቁሯን መስመር በጣቱ አሳያት፤ አቃንቶ ሰጣት። ማሽኑ ተቀበላት።

«እዚህ ነው የምትሠራው?» ስትለው ሰማሁ።

ያኔ ተናኘ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ ድምፅዋ ያን ያህል እንኳ አይሰማም፣ ጠራችው።

«ያለው፣ ና እንጂ። በርዶኛል።»