እሜቴና የኋላው ወንበር

የሆስፒታሉ ዘበኛ ለሰው ሳይሆን ለመኪና የሚነሳ ሰው ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ጥቁር አረንጓዴዋ፣ ረጅሟ፣ በድሮ ጊዜ ትልቅ ሰው ብቻ ይሄድባት የነበረችው መኪና በሩ ላይ ስትቆም ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ። የካፖርቱን ቁልፍ ቆላለፈ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ፣ ጎንበስ ብሎም «እንደምን አደ...» አለ። መሪውን የያዘችውን ያያት ይኼኔ ነው። አንሶላና የሐኪም ጋዋን የምትሰፋው ሴትዮ ናት፤ እስከ ትናንት በእግሯ የምትገባው። የቀረውን ግማሽ ቃል አፉ ውስጥ ይዞ ትንሽ ቆየ። «...ርሽ» አለ በመጨረሻ።

ቋንቋችን እንዲህ ነው። አንቱታው ከቃሉ ጭራ ላይ ስለሚመጣ ሰው አፉን ከከፈተ በኋላም መሐል መንገድ ላይ ሐሳቡን መቀየር ይችላል። ሰፊዋ ሰማች። ፈገግ ብላ አለፈች፤ ነገሩ ግን ሆዷ ገባ።

ለመሆኑ ሃምሳ ሊሞላት ሲል፣ ያን ሁሉ ዓመት ያጠራቀመችውን አውጥታ፣ የመጀመሪያ መኪናዬ ብላ ይቺን ስትገዛ ምን ነካት? ያልጠየቀ የለም። ጎረቤቷ «ትንሽዬ ነገር ገዝተሽ ብትሄጂ ምን አለበት? ይቺ እኮ ነዳጅ አይደለም የምትጠጣው፣ ደም ነው» አላት። መካኒኩ እንኳ፣ ከእሷ የሚበላው ሰውዬ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ራሱን እየነቀነቀ «እትዬ፣ ይቺ እኮ ዕድሜዋን ጨርሳለች» ብሏታል። «እኔስ?» አለችው። ኮፈኑን መልሶ ዘጋው። ነዳጅ ልትቀዳ ስትቆም ደግሞ ቀጂው አጎንብሶ የኋላውን ወንበር ያይና «አለቃሽ የት ወረዱ?» ይላል። «ይቺውልህ፣ ሙላላት» ትለዋለች። የስፌት ክፍል ጓደኞቿ ወዲያው ስም አወጡላት፤ እሜቴ። ለሹፈት ነበር። እሷ ግን «አቤት» አለች፤ ይኸው እሜቴ ሆና ቀረች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኼ ነው።

እውነቱን እኔ ልንገራችሁ። እናቷ በወጣትነታቸው ሰው ቤት ነበር የሚሠሩት። የቤቱ ጌታ ልክ እንደዚህች ያለች መኪና ነበረችው። ቅዳሜ ቅዳሜ የኋላውን ወንበር ቆዳ በለስላሳ ጨርቅ የሚወለውሉት፣ በቅባት የሚያሹት እሳቸው ናቸው። ተንበርክከው ነው የሚያሹት፤ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጡበትም። ዝናብ በጣለ ቀን መኪናዋ እመቤቲቱን ይዛ ጭቃ እየረጨች ስታልፍ፣ እሳቸው ዘንቢላቸውን ተሸክመው ጥግ ይይዙና እጅ ይነሳሉ። ትንሿ ልጅ፣ የዛሬዋ እሜቴ፣ ቀሚሳቸውን ይዛ ይህን ሁሉ ታይ ነበር። ከሁሉ ያንገበገባት ግን ሌላ ነው። እናቷ የዚያን ቤት ልጅ፣ ገና የወተት ጥርሱን ያልነቀለውን ጩጬ፣ አንቱ ይሉት ነበር። እሱ አንቺ ይላቸዋል።

እንግዲህ መኪናዋን የገዛችው ለአንድ ነገር ነው። እናቷን ከኋላ ወንበር ላይ ልታስቀምጥ። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

እናትየው ግን በጀ አላሉም። መኪናዋ ቤት የመጣች ዕለት የኋላውን በር ከፍታ «ግቢ እማዬ» ብትላቸው፣ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ቆዳውን ዳሰሱና በሻርፓቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉት።

«ይቆሽሻል» አሉ።

«ይቆሽሽ። የኛ ነው።»

«የኋላው የጌቶች ቦታ ነው ልጄ። እኔ ጋቢና እሆናለሁ።»

ጋቢናውም ላይ ቢሆን ፌስታል አንጥፈው ነው። ለወራት እንዲያ ሄዱ። እናት ከፊት፣ ጉልበታቸውን ገጥመው፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብለው፤ ከኋላ ያ ሰፊ ወንበር ባዶውን። ልጅቱ ስንቴ ለመነች። አንዳንዴም ተቆጣች። አንዴማ መኪናዋን ዳር አስይዛ መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እናትየው ጀርባዋን እያሹ «አይዞሽ፣ ደሞ ለወንበር ይለቀሳል?» አሏት። ለወንበር እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሆስፒታል ደግሞ ሌላ ጣጣ። ሥራ አስኪያጁ የሚነዳት የመሥሪያ ቤቱን መኪና ነው፤ ትንሽ፣ ነጭ። የአንሶላ ሰፊዋ መኪና አጠገቧ ስትቆም ያቺኛዋ ልጇ ትመስላለች። ሰውዬው ቻለ ቻለና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮው አስጠራት።

«ሰው ያወራል» አላት። «እንግዳ በመጣ ቁጥር ይቺ መኪና የማን ናት ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስ?»

«የሰፊዋ ናት ይበሉዋ።»

«ስሚ፣ መኪና ባለቤቱን መምሰል አለበት። ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳትገባ። ግቢው ለኃላፊና ለታካሚ ነው። ከፈለግሽ ለኔ ሽጪልኝ፤ እኔ እይዛታለሁ።»

«እሷን ከምሸጥ መርፌዬን እሸጣለሁ» አለችውና በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

ቤት እንደገባች ጫማዋን ሳታወልቅ ለእናቷ ነገረች። የሰውዬውን አንገት አነቃነቅ ሳይቀር እያስመሰለች ነው የነገረቻቸው። እናትየው ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር፤ እጃቸው ቆመ።

«መኪና ባለቤቱን መምሰል አለበት አለሽ?»

«አዎ።»

«አንቺ ታዲያ ማንን ትመስያለሽ?»

«ማንን እመስላለሁ? አንቺን ነዋ። መምሰሌንም አልተውም፣ መኪናዬንም አልሸጥም፤ ከፈለገ ያባርረኝ።»

እናትየው ወደ ባቄላቸው ዞሩ። ያን ምሽት ስለ መኪና ሌላ ነገር አልተነሳም።

በማግስቱ የእናትየው የዓይን ሕክምና ቀጠሮ ነበር። እሜቴ እንደ ልማዷ የጋቢናውን በር ከፍታ ብትጠብቅ፣ እናትየው አልፈዋት ሄዱ። የኋላውን በር ራሳቸው ከፈቱና ገቡ። ፌስታሉን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ልጅቱ አንድ ቃል ከተናገረች የሚወርዱ መሰላትና ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ሞተሩን አስነሳች።

ሥራ አስኪያጁ ራሱ ከዘበኛው ጋር በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እጁን ዘርግቶ አስቆማትና በመስኮቷ በኩል ጎንበስ አለ።

«ትናንት ተነጋግረን አልነበረም እንዴ?»

እሜቴ አፏን ሳትከፍት ከኋላ የመስኮቱ እጀታ ሲዞር ሰማች። መስታወቱ ቀስ እያለ ወረደ። እናትየው ሰውዬውን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።

«አንተ ልጅ» አሉት።

እሜቴ ጆሮዋን አላመነችም። እናቷ ክራባት ያሰረ ሰው አንተ ብለው አያውቁም። ድምፁም የሳቸው አልነበረም። የዚያች የእመቤቲቱ ድምፅ ነው፤ ስንት ዓመት ከጓዳ ሆነው የሰሙት፣ የማይጮኽ፣ እንቢታ የሚባል ነገር ሰምቶ የማያውቅ ድምፅ።

«ዓይኔን ልታይ ነው የመጣሁት። በሩን አስከፍት እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?»

ዘበኛው የማንንም ትእዛዝ አልጠበቀም፤ ከፈተ። ሥራ አስኪያጁም፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ «ይግቡ እናቴ» አለ።

ገቡ። እሜቴ ከሐኪሞቹ መኪና መሐል፣ ጥላው ሥር አቆመች። ዞር ብላ ብታይ የእናቷ ዓይን እንባ አቅርሯል። ጀርባቸው ግን ወንበሩን ሙሉ በሙሉ ተደግፏል።

«አመመሽ እንዴ እማዬ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ነይ እንውረድ፣ ቀጠሯችን ደርሷል።»

አልተንቀሳቀሱም። ዘበኛው በሩን መልሶ ሲዘጋ ትንሽ አዩት። ሥራ አስኪያጁ አሁንም እዚያው ቆሟል።

«ይደርሳል» አሉ። «እስቲ ውጪና እንደገና እንግባ።»