ሦስተኛው ቋጠሮ

ከአክስቴ የቀረልኝ ነጠላ ስንት ጊዜ ቢታጠብ አንደኛው ጫፉ ላይ ያለው ጭምድድ አልቃና አለ። በካውያም ሞክሬዋለሁ፤ ወይ ፍንክች! ትናንት የደብረ ብርሃን ብርድ ሲጠናብኝ ከሻንጣ አውጥቼ ደረብኩት። የኩበት ጭስ ሸተተኝ። ወዲያው ከጎረቤላ በላይ ያለው፣ ጉም በበሩ ሰተት ብሎ የሚገባበት ቤት ውስጥ መልሰው የዘጉብኝ መሰለኝ።

ልንገርሽ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ እዚያ ቤት ተቀምጬ ነበር። ያሳደገችኝ አክስቴ ትረሳለች። ወጡን ሁለቴ ጨው ትጨምርበታለች፣ ላሟን ሳታስገባ በረቱን ትዘጋለች። አንድ ጠዋት ደግሞ እሳቱን ሳትዳፍን ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ ጥግ ያለው ገለባ ተያያዘና ጎረቤት ተሯሩጦ ነው ያጠፋልን። ወንድሟ፣ አጎቴ፣ በኔ ላይ ፈረደ፦ "እሷን ጥለሽ ደብረ ብርሃን የሚባል ነገር የለም!" ጓደኛዬ እዚያ ፋብሪካ ሥራ አግኝታልኝ ነበር። እኔ ግን የሰው ማስታወሻ ሆኜ ቀረሁ። "አንቺ ልጅ፣ ምን ልሠራ ነበር የተነሳሁት?" ትለኛለች። ጉሙ ገለጥ ሲል ቁልቁል መንገዱ ይታያል፤ መኪና ሲሄድ አያለሁ፤ እኔ እዚያው ነኝ።

መውጫዬ አንድ ብቻ ነበር። እንዳትረሳ ማድረግ።

ላለመርሳት የነጠላ ጫፍ መቋጠሩንማ ድሮም ታውቅበታለች። ችግሩ፣ ለምን እንደቋጠረች ይጠፋታል። ስለዚህ ጫፎቹን ደለደልኳቸው፤ የቀኙ ለእሳት፣ የግራው ለላሟ። የሠራችውን ጮክ ብላ እንድትናገርም አስለመድኳት። "እሳቱን ዳፈንኩ!" ሳትል ከምድጃው አትነሳም። ከቤት ስትወጣ እንዳትዘነጋ በርጩማውን ደፉ ላይ እንገለብጠዋለን፤ ሲያደናቅፋት ዞር ብላ ምድጃውን ታያለች። ቁልፉ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ሆነ። ሲመሻሽ ውሎዋን ከኋላ ወደ ፊት ትተርክልኛለች፣ ከላሟ ጀምራ እስከ ጠዋቱ ቁርስ።

ጎረቤታችን አጥር ላይ ተንጠልጥላ አሾፈችባት።

"ምነው እትዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

"ከራሴ ጋር! እሷ እንዳንቺ ወሬ አታዞርም።"

ክረምቱ ሲወጣ አጎቴ ሊፈትናት ፈልጎ እኔን ገበያ ይዞኝ ዋለ። ስንመለስ ላሟ ገብታለች። ጎንበስ ብሎ ምድጃውን በእጁ ዳሰሰ፤ ፍሙ አመድ ለብሶ ተኝቷል። "በይ ሂጂ" አለኝ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ።

የሄድኩ ቀን አክስቴ ሦስተኛውን ጫፍ ስትቋጥር ደረስኩባት።

"ይሄስ የምን ነው?"

"አይመለከትሽም። ስትመጪ ይፈታል።"

ለበዓል ስመጣ መጀመሪያ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈትታ ነበር የምትስመኝ። ስነሳ መልሳ ትቋጥራለች፣ ጥብቅ አድርጋ። ደስ ይለኝ ነበር ብልሽ ውሸት ነው። ገመዱ ረዘመ እንጂ መች ተፈታሁ? መኪናው ሽቅብ ሲወጣ እንኳ ከኋላ የሚይዘኝ ነገር ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቃት ስሄድ በርጩማው ደፉ ላይ ተገልብጧል፣ እሳቱ ተዳፍኗል፣ ላሟ በረቷ ውስጥ ታመሰኳለች። ያስተማርኳት ሁሉ አለ። አክስቴ ሦስተኛውን ጫፍ በጣቶቿ እያሻሸች ቀና ብላ አየችኝ።

"ይግቡ፣ የኔ እመቤት" አለችኝ። "ይቺን ለምን ነበር የቋጠርኳት?"

አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

"ሰው እየጠበቅሽ ነው።"

"መጣች እንዴ?"

"መጣች።"

"ተመስገን!" ብላ በጥርሷ ፈታችው። ጫፉን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ስታቃናው፣ ስታቃናው አመሸች።