ሳላነበው ያየሁት መርዶ

ስልኬ በሐሰት መሰከረብኝ ብል የሚያምነኝ የለም። የሚዋሸው ሰው ነው፣ ስልክ አይዋሽም ይላሉ። እኔ ግን ጸጉሬ እስኪሸብት ድረስ ከአምስት ኪሎ ወረድ ብሎ በነበረ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ማሽን ስመታ የኖርኩ ሴት ነኝ። የደብዳቤ መድረስና መነበብ ለየቅል መሆናቸውን ማንም አያስተምረኝም። በእኛ ጊዜ ተላላኪው ደብዳቤውን ከነፊርማ ደብተሩ ይዞ ይሄዳል፤ ተቀባዩ ስሙን ጽፎ፣ ቀኑን አስፍሮ ካልፈረመ ደብዳቤው አልደረሰም ነው የሚባለው። ጠረጴዛ ላይ ጥሎ የተመለሰ ተላላኪ ሲቆጡት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የእድራችን ጡሩምባ ነፊም እንደዚያው ነበር። ከጊዮርጊስ በታች ባለው ሰፈራችን ሰው ሲያርፍ ገና ጎህ ሲቀድ ይመጣል። በየቅያሱ ራስ ላይ ቆሞ ይነፋል፤ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ ይለፍፋል። ሥራው ግን እዚያ ላይ አያበቃም። ከየቤቱ «ሰምተናል» የሚል ድምፅ እስኪወጣ ከደጃፍ አይነቃነቅም። እኔ መስኮቴን ካልከፈትኩ በከዘራው በሩን ይደበድባል።

«እትዬ፣ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ። የትኛው ናቸው?»

«ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ያሉት አዛውንት።»

«እኔን፤ ትናንት እኮ ሰላም ብለውኛል። ስንት ሰዓት ነው ያልከው?»

«ስድስት ሰዓት፣ ሥላሴ። እንዳይቀሩ።»

እንዲህ ነበር። መልሰን እንጠይቀዋለን፣ ይመልሳል፤ አልሰማሁም ብሎ የሚያመልጥ የለም፣ ሳይሰማ የሚቀርም የለም። እንቅልፌን ስለሚቆርጠኝ ስንት ጊዜ እንደረገምኩት እግዜር ይወቀው። አሁን ቢመጣልኝ በሩን እስኪሰብረው እጠብቀው ነበር።

ጓደኛዬ የግድግዳ ጎረቤቴ ነበረች። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ የእኔ መደበኛ ስልክ ሲጮህ እሷ ቤት ይሰማል። ጓሮ ከሆንኩ «አንቺ፣ ስልክሽ ጮኾ ሊሞት ነው» እያለች ግድግዳውን በቡጢ ትደበድብልኛለች። ቁጥሩ በጣት የሚዞር፣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ ጥቁር ስልክ ነበር። ድምፅ መዝጊያ የለውም። ሥራው መጮህ ነው፣ ይጮኻል። የመንገድ ሥራው ሲመጣ መስመሩ ተቆረጠ፤ እኔም ሞባይል እያለ ምን ያደርግልኛል ብዬ ሳላስቀጥለው ቀረሁ። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ያው መንገድ የእሷን ቤት ወስዶ የእኔን ተወው። ከልጇ ጋር ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባች፣ አራተኛ ፎቅ። ዕቃዋ የተጫነ ዕለት በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። ከገዳም ያመጣችው መግነዟ ነበር፤ ስትሞት እንድትገነዝበት ስንት ዓመት ሙሉ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠችው።

«ልጄ ባየችው ቁጥር ታለቅሳለች» አለችኝ። «አንቺ ጋ ይቀመጥ። ቀኔ ሲደርስ ይዘሽ ነይ። በሌላ እንዳትገንዙኝ።»

«እኔ የቀደምኩሽ እንደሆነስ?»

«አንቺ እልኸኛ ነሽ፣ አትቀድሚኝም።»

«እሺ» አልኳት። ልጇም አጠገባችን ቆማ ሰምታለች።

ሰፈሩ ከተበተነ በኋላ እድሩ ተሰብስቦ መከረ። ግማሹ አባል ከተማው ዳር ነው፤ ጡሩምባ እዚያ አይደርስም። ይህን አልክድም። የእድሩ ጸሐፊ «ከእንግዲህ መርዶ በስልክ ነው» አለና የሁላችንንም ስልክ እየተቀበለ አንድ ግሩፕ ውስጥ አስገባን። ጡሩምባ ነፊው ተመርቆ ተሸኘ። አጨበጨብንለት፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ግሩፑ ለመርዶ ብቻ ነው ተብሎ ነበር። ሳምንት አልቆየም። እሑድ በመጣ ቁጥር የሚያብለጨልጭ ጽጌረዳ «መልካም ሰንበት» ይላል። ነጭ ሽንኩርት በማር የማያድነው በሽታ የለም የሚል ቪዲዮ፣ የሚሸጥ ፍሪጅ፣ የልጅ ልጅ ምርቃት፤ ለዚያ ሁሉ ደግሞ ሠላሳ አርባ ጊዜ «አሜን»፣ ሠላሳ አርባ ጊዜ የሚያጨበጭብ ቢጫ እጅ። ስልኩ ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ከግሩፑ አጠገብ ያልተከፈተውን መልእክት የምትቆጥር ቁጥር አለች። እኔ ደግሞ ያላለቀ ሥራ ሲጠብቀኝ አልወድም፤ ጠረጴዛዬ ላይ ያልተመታ ረቂቅ ትቼ ወደ ቤቴ ገብቼ አላውቅም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ግሩፑን እከፍታለሁ፣ በአውራ ጣቴ እየጠረግኩ እስከ ታች እወርዳለሁ፣ ቁጥሯ ትጠፋለች፣ እዘጋዋለሁ። የበዓል ሰሞን የእንኳን አደረሳችሁ ብዛት ሲያሳብደኝም የስልኩን ድምፅ ጭራሽ ዘጋሁት። ማንም ሳያሳየኝ መዝጊያውን በማግኘቴ ኮርቼም ነበር።

ያን ዕለት ጠዋትም እንደ ልማዴ ከፍቼ ጠረግኩት። የመነጽሬ እጀታ ተሰብሮ ስለነበር በባዶ ዓይኔ ነው። አንዲት ፊቷ የለሰለሰ ቆንጆ ሴት በአበባ ተከባ ከጣቴ ሥር አለፈች። የፊት ቅባት ማስታወቂያ መሰለኝ። ከሥሯ የተደረደረውን ጽሑፍ «አሜን» ነው ብዬ ናቅኩት። የግሩፑ ቁጥርም ጠፋች።

ከዚያ መነጽሬን ላሠራ ፒያሳ ወጣሁ። እስኪያልቅልኝ አንድ ኬክ ቤት ገብቼ ማኪያቶ ልጠይቅ ስል አስተናጋጇ ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈ ጥቁርና ነጭ ዝብርቅርቅ ሥዕል አሳየችኝ።

«እማማ፣ ያለውን ለማየት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።»

«ማኪያቶ አለ?»

«አለ።»

«ታዲያ ምኑን ነው ፎቶ የማነሣው?»

ልጅቷ ሳቀች፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ። በዚህ ሰፈር ባንኮኒ ላይ ክንዴን ጥዬ፣ ባሪስታውን ዓይን ዓይኑን እያየሁ ሳዝዝ ኖሬ አሁን ከሥዕል ጋር ልነጋገር ነው? ስልኬን ከቦርሳዬ አላወጣም አልኩ። ማኪያቶው ካልመጣ እሄዳለሁ አልኩ። አጠገቤ የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ደገፉኝ። ማኪያቶው መጣ፤ ያሸነፍኩ መስሎኝ ቀስ እያልኩ ጠጣሁት። የግድግዳው ሰዓት አራት ሰዓት ከምናምን ይላል። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ድምፁ እንደተዘጋ ነበር።

በማግስቱ ስልኬን ገና ሳልነካው ወጥቼ ቴዎድሮስ አደባባይ ታክሲ ስጠብቅ የእድሩን ሰብሳቢ አገኘኋቸው።

«ትናንት ሳጣዎት አሞዎት ይሆን ብዬ ሰጋሁ» አሉኝ።

«የት ነው ያጡኝ?»

ትክ ብለው አዩኝ። «ቀብር ላይ ነዋ። የጓደኛዎ።»

ሰልፉ መሐል ቆሜ ስልኩን አወጣሁ። ግሩፑን ከፍቼ እስከ ትናንት ጠዋት ድረስ ወደ ላይ መለስኩት። ያቺ የቅባት ማስታወቂያ ያልኳት እሷ ነበረች። ፎቶዋን ፊት ለሚያሳምር ማሽን ሰጥተው የፊቷን መጨማደድ በሙሉ አጥፍተውታል። ግንባሯ ላይ የነበረውን የመስቀል ንቅሳት ሳይቀር አጥፍተውላታል። ሠላሳ ዓመት ያየሁትን ፊት ማን አስተካክሉልኝ አላቸው? ያንን ንቅሳት ባየው ኖሮ በባዶ ዓይኔም፣ በጨለማም እለየው ነበር። ከዚያ ደግሞ ልጇ ሁለት ጊዜ መደወሏን አየሁ። ሁለቱም ከአራት ሰዓት በኋላ ነው። ኬክ ቤት ስከራከር ማለት ነው።

ቤቴ ተመልሼ መግነዙን ይዤ ሄድኩ። ሁለት ታክሲ፣ አራት ፎቅ። ለቀስተኛው ሳሎን ተቀምጧል፤ ልጇ ስታየኝ ተነሥታ እጄን ያዘችና ወደ መኝታ ቤት አስገባችኝ። አላለቀሰችም። ቢያንስ ብታለቅስብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ አላየሁትም» አልኳት።

ስልኳን አወጣች፣ መርዶውን ነካ አደረገች፣ ያዩት ሰዎች ስም ተዘረዘረ። ጣቷን የእኔ ላይ አስቀመጠች።

«አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ አይተውታል ይላል፣ እትዬ።»

«ከፈትኩት እንጂ አላነበብኩትም።»

«ሳያነቡት ለምን ከፈቱት?»

«ቁጥሩ እንዲጠፋልኝ።»

ከአፌ ሲወጣ ለራሴ ጆሮ ከበደኝ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጡሩምባ ነፊው «ሰምተዋል?» እስኪለኝ ድረስ የሰማሁት ነገር አልነበረም፤ ይህ ስልክ ግን ሳይጠይቀኝ ስለ እኔ መለሰልኝ። እሷም እሱን አመነች። ማመኗ አያስወቅሳትም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ገናዦቹ ሁለት ሰዓት ላይ ደርሰው ነበር» አለች። «መግነዝ አለ፣ እየመጣ ነው ብዬ አስቀመጥኳቸው። ስምዎን ስላየሁ መንገድ ላይ ናቸው ብዬ አልደወልኩም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር 'መጡ' እንላለን። ቄሱ ሰዓት ሄደ ሲሉ ደወልኩ፤ አላነሡም። ከዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሌላ ገዝተን ገነዝናት።»

ከቦርሳዬ መግነዙን አውጥቼ ጉልበቷ ላይ አኖርኩት። ሳትፈታው በመዳፏ ዳበሰችው።

«ለእርስዎስ አለዎት?»

«ምን?»

«መግነዝ።»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ይያዙት፣ ይሁንዎት» ብላ መልሳ ሰጠችኝ።

ተቆጥታ ይሁን አዝናልኝ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ይዤው ተመለስኩ። እኔም በተራዬ አደራ ልሰጠው ይገባል፤ ግን ለማን? እንዲህ ያለውን ነገር በእጇ አስይዤ፣ «ቀኔ ሲደርስ ይዘሽ ነይ» ብዬ፣ «እሺ» ስትለኝ የማምናት አንድ ሰው ነበረችኝ። እሷን ደግሞ ሳልቀብራት ቀረሁ።